ላይኛዋና ዝም የማይለው ነርቭ

በሰፈራችን ስሟን የሚጠራት ሰው የለም፤ ሁሉም ላይኛዋ ነው የሚላት። ፎቅ ላይ ስለምትኖር አይምሰላችሁ። ቤታቸው ምድር ቤት ነው፤ በመስኮታቸው የሚታየው የአላፊ አግዳሚው ጫማ ብቻ ነው። ባሏ ልብስ ሰፊ ነው። ማሽኑን ከዚያ መስኮት ሥር አስጠግቶ ስለሚውል ሰውን ሁሉ የሚያውቀው በሱሪው ጠርዝ ነው። «ያ ሱሪው የተተረተረበት ሰውዬ አለፈ» ይላል፣ ያውም የመናገር ፍላጎት ያደረበት ቀን ነው። ላይኛዋ ግን ቀኑን የምታሳልፈው ከሁላችንም በላይ ነው። የሕንፃ ክሬን ኦፕሬተር ናት።

አጀማመሯን ስታወራ ራሷ ትስቃለች። በወጣትነቷ ሳይት ላይ አሸዋና ጠጠር በባሬላ ታመላልስ ነበር። አንድ ቀን ፎርማኑ ግሪስ የሞላ ጣሳ ይዞ መጣና «ይችን ለክሬኑ ሰውዬ የሚያደርስልኝ ማነው?» ሲል ወንዶቹ ሁሉ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። እሷ ጣሳውን ተቀብላ ወጣች። ላይ የነበረው ኦፕሬተር ሽማግሌ ነው፤ በሩን ስታንኳኳ በድንጋጤ ሻዩን ጭኑ ላይ ደፋው። እስከዚያ ቀን ያንን በር ያንኳኳ ሰው አልነበረማ! «ምን ፈልገሽ መጣሽ?» ቢላት፣ «እኔ እንጃ፣ ከዚህ ሲታይ ምን እንደሚመስል ልይ ብዬ ነው» አለችው። አየች፤ በዚያው ቀረች። ሽማግሌው አስተማራት፣ ፈተናውን አለፈች፣ እሱ ጡረታ ሲወጣ ወንበሩ ለሷ ሆነ።

ካቢኗ ጠባብ ናት፤ ሁለት ሰው ቢገባባት አንዱ ትንፋሹን መዋጥ አለበት። ከእግሯ ሥር ያለው ወለል መስታወት ነው። በጉልበቶቿ መካከል ቁልቁል ስታይ የሠራተኛው ሁሉ ሄልሜት የተበተነ ባቄላ ይመስላል። በሁለት እጇ የያዘቻቸውን መሪዎች የምትነካቸው በጣቷ ጫፍ ነው፤ የተኛ ሕፃን የምትዳብስ ነው የምትመስለው። ሸክሙ የፌሮ እስር ይሁን የብሎኬት ቁልል፣ መሬት ሲነካ ድምፅ ካሰማ ቀኑን ሙሉ ስታኮርፍ ትውላለች። ዓይኗ በማይደርስበት ቦታ ዓይኗ ፉጨት ነው። ፉጨት የምልክት ሰጪው ቅጽል ስም ነው፤ ሬዲዮ ሳይመጣ በፊት በአፉ እያፏጨ ነበር የሚመራት። አሁን ሬዲዮውን ደረቱ ላይ አንጠልጥሎ «ዝቅ... ዝቅ... ቀስ... በቃ!» ይላታል፤ እሷም «ገብቶኛል» ትለዋለች። እሷ ከባሏ፣ እሱም ከሚስቱ ይልቅ እርስ በርስ ሲያወሩ ነው የኖሩት። ያወሩት ግን ዕድሜ ልካቸውን ይህንኑ ነው።

ደም ግፊቱ የተገኘው በየዓመቱ በሚደረገው የጤና ምርመራ ላይ ነው። የድርጅቱ ሐኪም ሽበታም፣ ፊቱን ለፈገግታ የማያውሰው ዓይነት ሰው ነው። «ከፍ ብሏል» አላት።

«እኔስ ከፍ ብዬ አይደል የምውለው!»

አልሳቀም። ክኒን አዘዘላት። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ጨመረበት፤ ከዚያም ሦስተኛ መጣች። ሦስተኛዋ ትንሽዬ ነጭ ክኒን ናት፤ ሥራዋ በሰውነት ውስጥ የተጠራቀመውን ጨውና ውሃ በሽንት ማስወጣት ነው። ጣጣው የመጣው በዚች ነው።

እስቲ አስቡት። ክሬን ላይ ሽንት ቤት የለም። መሰላሉን መውረድና መልሶ መውጣት ጉልበት ብቻ ሳይሆን የሳይቱን ሥራ ሁሉ ማስቆም ነው። ኮንክሪቱ ይደርቃል፣ መኪናው ቆሞ ይጠብቃል፣ ፎርማኑ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ይጮኻል። ወንድ ኦፕሬተሮች ጠርሙስ አላቸው። «እኔ ምን አለኝ?» ትላለች ላይኛዋ፤ «ትዕግሥት ነዋ!» ሥራ በዋለች ቁጥር ከሥራ እስክትወጣ ውሃ በአፏ አይዞርም። ያቺን ነጭ ክኒን ደግሞ ለእረፍት ቀኗ አስቀመጠቻት። ለሐኪም መናገርማ የማይታሰብ ነው። ያን ለፈገግታ የማይመች ፊት እያየች ስለ ሽንት ልታወራ ነው?

ግፊቱ አልወርድ አለ። አራተኛ ክኒን ተጨመረ፤ እሱም አልረዳ። ባሏ ጨው ከቤት አስወጣ፤ ሾርባውን እየጠጣች «ይሄ ምግብ ነው ወይስ የታጠበ ድስት?» ትለዋለች፤ እሱም አብሯት ይጠጣል። በመጨረሻ የድርጅቱ ሐኪም የክንዷን ማሰሪያ እየፈታ ቁርጡን ነገራት።

«በሚቀጥለው ምርመራ እንዲህ ሆነሽ ከመጣሽ አልፈርምም። ላይ ሆነሽ ራስሽን ብትስቺ የሚወድቀው ሸክም ብቻ አይደለም። ወይ ግፊቱ ይወርዳል፣ ወይ አንቺ ትወርጃለሽ።»

ይህንን ስትነግረኝ ድምፅዋ አልተለወጠም፤ እጇ ግን የባሏን መቀስ አንስታ ስታስቀምጥ አየሁ። «ሌላ የምችለው ሥራ የለም ብዬ አይደለም» አለችኝ። «ደህና አድርጌ የምችለው ግን እሱን ነው። ሰው ዕድሜውን ሙሉ ደህና አድርጎ የሚችለው ነገር ስንት ነው?»

ወደ ሆስፒታል ተላከች። የልብና የደም ሥር ሐኪሟ ገና ልጅ እግር ናት፤ አጠር ያለች፣ ንግግሯ ፈጣን፣ እጇ ቀዝቃዛ። ምንም ሳታስቀር መረመረቻት፤ ኩላሊቷን በአልትራሳውንድ፣ ደሟንና ሽንቷን በላቦራቶሪ። «ሲተኙ ያንኮራፋሉ?» ስትላት ባሏ ጣልቃ ገባ።

«አታንኮራፋም። ‹ገብቶኛል› ትላለች እንጂ።»

«ምኑ ነው የሚገባት?»

«እኔም አልጠየቅኳት።»

በቀጠሯቸው ቀን ሐኪሟ በሩን ዘጋችና ወንበሯን አስጠጋች።

«እትዬ፣ ክኒኖቹን ይወስዳሉ?»

«እወስዳለሁ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም አልኩሽ እኮ፣ ልጄ።»

«ላቦራቶሪው ግን አንዷን ሽንትዎ ውስጥ ፈልጎ አጣት።»

ባሏ የመጋረጃውን ስፌት መመርመር ጀመረ። ላይኛዋ መጀመሪያ ተቆጣች፤ ቀጥሎ ደግሞ ቁጣው የት እንደሚያደርሳት አጣችው።

«እሺ፣ አንቺስ ሽንት ቤትሽ የት ነው?» አለች።

«የእኔ? ኮሪደሩ ጫፍ ላይ።»

«የእኔ ደግሞ መሬት ላይ ነው። እኔ መሬት ላይ አይደለሁም።»

ከዚያ ሁሉንም አወራቻት፤ መሰላሉን፣ ኮንክሪቱን፣ የወንዶቹን ጠርሙስ፣ ውሃ ሳይጠጡ መዋልን። ሐኪሟ በመካከል ሳቅ አመለጣት፤ አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ሳቁ ጠፋባት።

«ይሄ የእርስዎ ጥፋት ብቻ አይደለም» አለች። «ሥራዎ ምን እንደሆነ ጠይቄያለሁ። ሥራ ላይ እንዴት እንደሚውሉ ግን አልጠየቅኩም።»

ላይኛዋ ይህችን ቃል እስከ ዛሬ ድረስ ታነሳታለች። አንድ የተማረ ሰው እንዲህ ሲላት የመጀመሪያዋ ነበር። ካባረረችኝም ታባርረኝ ብላ እውነቱን የነገረቻት ሴት ይልቅ ይቅርታ ጠየቀቻት።

ውሳኔው ግን መራራ ነው፤ ለጥቂት ወራት ከክሬኑ ወርዳ ሁሉንም ክኒን በሥርዓቱ እየዋጠች መታየት አለባት። ሳይቱ ዕቃ ቤት ውስጥ አስቀመጣት። ሄልሜትና ጓንት ታድላለች፣ የጠፋ ቦት ጫማ ትፈልጋለች። ወንበሯን አንድ ወጣት ኦፕሬተር ያዘው። ፉጨት በምሳ ሰዓት እየመጣ በዕቃ ቤቱ መስኮት ወሬ ያቀብላታል።

«እንዴት ነው ልጁ?»

«ጥሩ ልጅ ነው። ጨዋ ነው። ሸክሙን ግን እንደተጣላ ሰው ነው የሚያስቀምጠው። ዱብ!»

«ሰምቻለሁ። እዚህ ድረስ ይሰማል።»

«ደግሞ ‹ገብቶኛል› አይልም። ‹ኦኬ› ነው የሚለው። ‹ኦኬ› ብሎ ነገር አለ? የገባው አይመስልም እኮ!»

ክኒኖቹን አንድ ሳታስቀር ወሰደች። ውሃም ጠጣች፤ «ሽንት ቤት ከጎኔ ሆኖልኝ እንደ ንጉሥ ነው የኖርኩት» ትላለች። ሁሉም ሰው ነገሩ አበቃ ብሎ ነበር። ግፊቱም እውነት ነው ትንሽ ወረደ። ነገር ግን መቶ ሰባ አካባቢ ሲደርስ ቆመ፤ ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ አልል አለ። ቀንና ሌሊት ክንዷ ላይ ታስሮ በየጊዜው እየተነፋ የሚለካው መሣሪያም ያንኑ ነው የተናገረው። ላይኛዋ ያኔ ነው የደነገጠችው። እስከዚያ ድረስ በልቧ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሳስተካክለው ይስተካከላል» ትል ነበር። አሁን የምታስተካክለው ነገር አልቀራትም።

ሐኪሟ ግን አንድ ነገር እንደቀራት ነገረቻት። ወረቀት ላይ ሁለት ኩላሊት ሳለች፤ ከመሐል የሚመጣ የደም ቧንቧ፣ በቧንቧው ዙሪያ የተጠማዘዙ ቀጫጭን መስመሮች።

«እነዚህ ነርቮች ናቸው። ኩላሊትና አንጎል በእነሱ ነው የሚነጋገሩት። እንደ እርስዎ ባለ ሰው ላይ ወሬው ከልክ በላይ ይበዛል። ኩላሊት ‹አደጋ አለ› ይላል፤ አንጎል ‹ግፊት ጨምር› ይላል፤ ኩላሊት ጨውና ውሃውን አልለቅም ይላል። ክኒኑ ወደ ታች ሲጎትት እነሱ ወደ ላይ ይገፋሉ።»

«አደጋው ታዲያ አለ?»

«የለም። ዝም ብለው ነው የሚጮሁት።»

ላይኛዋ ሥዕሉን አዙራ አየችው። «ገባኝ» አለች። «አንዱ ሬዲዮው ላይ ተቀምጦበታል።»

ሐኪሟ ግራ ገባት። ላይኛዋ አስረዳቻት። ሳይት ላይ አንዱ ሠራተኛ ሬዲዮውን የኋላ ኪሱ ውስጥ ከትቶ ሲቀመጥ የመናገሪያው ቁልፍ ተጭኖ ይቀራል። መስመሩ ሁሉ በሱሪው ኮሽታና በሳሉ ይሞላል። ፉጨት ቢጮህ አይሰማ፣ እሷ ብትጮህ አይሰማ። ያለው መላ ክሬኑን አቁሞ፣ ሰውዬውን ፈልጎ ከመቀመጫው ማስነሳት ነው።

«እኛም የምናደርገው ይህንኑ ነው!» አለች ሐኪሟ፤ ደስ አላት። «በብሽሽትዎ በኩል ቀጭን ቱቦ እናስገባለን። በደም ቧንቧው ውስጥ እስከ ኩላሊት እንሄዳለን። የቱቦው ጫፍ በሚሰጠው ሙቀት ከቧንቧው ግድግዳ ወዲያ ያሉትን ነርቮች ዝም እናሰኛቸዋለን። ሆድ አይከፈትም፤ ስፌትም የለም።»

«ስፌት የለም?» አለ ባሏ። ቅር ያለው ይመስላል።

«የለም አባቴ። ግን ልዋሻችሁ አልፈልግም። ይሄ ነገር ሁሉን ሰው አይረዳም፤ የትኛውን እንደሚረዳ ደግሞ አስቀድመን በእርግጠኝነት አናውቅም። የረዳውም ሰው ክኒን አይተውም። ቢሳካልን ግፊቱ በመጠኑ ይወርዳል፣ የቀረውን ክኒኑ ይሸከመዋል። የገባንበት ቦታ ሊደማ ይችላል፤ አልፎ አልፎም የደም ቧንቧው ሊጎዳ ይችላል።»

«የሚወርደው ወደ ላይ የሚያስወጣኝን ያህል ነው?»

«ለእሱ ቃል አልገባልዎትም።»

«ቃል አለመግባትሽን ወድጄዋለሁ» አለች ላይኛዋ።

ባሏ ግን ከሆስፒታሉ ደጅ ጀምሮ ፊቱ ተለወጠ። ቤት ሲደርሱ ማሽኑ ላይ ተቀመጠና ሳይሰፋ ቆየ። ፉጨት ሊጠይቃት መጥቶ ነበር፤ እኔም እዚያው ነበርኩ።

«ነርቭ ሊያቃጥሉ ነው» አለ ባሏ፣ ማንንም ሳያይ።

«የኩላሊቴን ነው እኮ።»

«ነርቭ ነርቭ ነው። አንዷን ክር ስበሽ ሙሉው ጠርዝ ሲተረተር አላየሽም?»

«እኔ ሱሪ ነኝ?»

ፉጨት ነገሩን ሊያበርድ አስቦ፣ «ምን ችግር አለው ወንድሜ፣ ይቃጠልላት!» አለ። «ስንት ዓመት የኛን ነርቭ ስታቃጥል ኖራለች፤ አሁን ተራዋ ደረሰ።»

እኔና እሷ ሳቅን። ባሏ አልሳቀም። በማግስቱ ደንበኛው ሁሉ እየመጣ የተዘጋ በር ሲያገኝ ዋለ፤ እሷም የት እንደሄደ አላወቀችም። ለካ ብቻውን ሆስፒታል ሄዶ ኖሯል። ከበሽተኞቹ ጋር ተሰልፎ፣ ተራው ሲደርስ ሐኪሟ ፊት ቆሞ አንዲት ጥያቄ ጠየቃት፤ «እናትሽ ብትሆን ታደርጊላታለሽ?»

«አደርግላታለሁ» አለችው። «እንደ እርስዎ ግን እፈራ ነበር።»

ሲመለስ «ይሁን» አለ። ላይኛዋ ነገሩን የሰማችው በኋላ ከራሷ ከሐኪሟ ነው፤ «ያ ሰውዬ ሁለት ጊዜ ነው ያገባኝ» አለችኝ።

የሕክምናው ክፍል ብርድ ብርድ ይላል አለች። ጠባብ አልጋ ላይ በጀርባዋ አስተኟት፤ ከላይዋ ትልቅ የራጅ መሣሪያ እንደ ክንድ ተዘርግቶ ይዞራል። የሚያረጋጋና ሕመም የሚቀንስ መድኃኒት በደም ሥሯ ሰጧት። ሙሉ በሙሉ አልተኛችም፤ እንደ ምሳ ሰዓት እንቅልፍ ነገሩ ሁሉ ራቅ ብሎ ይሰማታል። ብሽሽቷ ላይ መርፌ ተሰማት፤ ከዚያ ግፊት ብቻ። ሐኪሟና የራጅ ባለሙያው ስክሪኑን እያዩ ይነጋገራሉ።

«ትንሽ ወደ ውስጥ... ቀስ... እዚያው። ያዝ።»

«ይዣለሁ።»

ላይኛዋ ጆሮዋን ማመን አቃታት። ይሄ የእሷና የፉጨት ወሬ ነው! ሌላ ቋንቋ ይናገራሉ ብላ ፈርታ ነበር፤ የሰማችው ግን የራሷን ሥራ ነው። አንዱ ያያል፣ ሌላው በጣቱ ጫፍ ያንቀሳቅሳል፣ ማንም ከሚገባው በላይ አይናገርም። ዛሬ ሸክሙ እሷ መሆኗ ብቻ ነው ልዩነቱ። «ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ዕቃ ቀስ አድርጌ ሳስቀምጥ ኖሬ፣ እኔን ደግሞ ቀስ አድርጎ የሚያስቀምጠኝ ሰው አገኘሁ» ነው የምትለው። ሙቀቱ ሲለቀቅ ጎኗን ጥልቅ የሆነ ሕመም ወጋት፤ አቃሰተች። ሐኪሟ ወዲያው «ሰምቼዎታለሁ እትዬ፣ አሁን ያልፋል» አለቻትና መድኃኒት አስጨመረች። አለፈ። ወደ ሌላኛው ኩላሊት ሄዱ። ሲያበቁ እግሯን ሳታጥፍ ለሰዓታት ቀጥ ብላ እንድትተኛ አዘዟት። በማግስቱ ባሏን ተደግፋ ወደ ቤቷ ሄደች።

ግፊቱ? ግፊቱ እዚያው ነው። ሳምንት አለፈ፣ እዚያው ነው። ሐኪሟ ነርቭ ዝም ሲል ሰውነት ለመስማት ጊዜ እንደሚፈጅበት አስጠንቅቃት ነበር፤ ወራት ሊወስድ ይችላል ብላታለች። ባሏ ግን የመለኪያ መሣሪያ አስገብቶ ጠዋት ይለካል፣ ቀትር ይለካል፣ ማታ ይለካል፤ በለካ ቁጥር ከእሷ የባሰ ፊቱ ይገረጣል።

«እስቲ ክንድህን አምጣ» አለችው አንድ ቀን። ለካችው። የእሱም ከፍ ብሏል። «በቃ! አንድ ሰው በቂ ነው ለዚህ ቤት» ብላ መሣሪያውን ነጠቀችው፤ ጠዋት ጠዋት ብቻ እንዲለካ ተስማሙ።

ወራቱ ሲገፋ ነገሩ መለወጥ ጀመረ፤ በአንድ ጊዜ አይደለም። ዛሬ ትንሽ ይወርዳል፣ ነገ ይመለሳል፣ ከነገ ወዲያ ካለፈው በታች ሆኖ ይገኛል። ጠዋት ማጅራቷን ይዟት ይነሳ የነበረው ራስ ምታት አንድ ቀን ቀረ፤ መቅረቱንም ያወቀችው ከቆየ በኋላ ነው። ተስፋ ማድረግ ስለፈራች ለማንም አልተናገረችም። ባሏም መለኪያውን አይቶ ዝም ይላል። አንዱ ሌላውን እንዳያስደነግጥ በቤት ውስጥ ቀስ ብለው የሚራመዱ ይመስሉ ነበር።

ከምርመራው በፊት ግን አንድ ያደረገችው ነገር አለ። ፎርማኑ ሄልሜት ሊወስድ ዕቃ ቤት ሲመጣ፣ ሠራተኛው ሁሉ ተሰልፎ ሳለ፣ ሄልሜቱን አልሰጥም ብላ ያዘችው።

«ሐኪሙ ከፈረመልኝ ወደ ላይ እመለሳለሁ። ስመለስ ግን በቀን መሐል ተተኪ ትሰጠኛለህ። እሱ ሲወጣ እኔ እወርዳለሁ።»

«ለምን?»

«ለሽንት።»

ፎርማኑ ቀላ። «ለሽንት ብለን ክሬን እናቁም?»

«አዎ፣ ለሽንት! እስከ ዛሬ ላንተ ኮንክሪት ብዬ ስይዝ ኖሬያለሁ፤ ኩላሊቴን አሳክሜ መልሼ እንዳበላሸው ነው የምትፈልገው?»

ከሰልፉ ኋላ አንድ ድምፅ «እኔም እፈልጋለሁ» አለ። ወንበሯን የያዘው ወጣት ኦፕሬተር ነው። «እኔም ውሃ ሳልጠጣ ነው የምውለው። ጠርሙሱን እጠላዋለሁ።» ሰልፉ በሳቅ ፈነዳ፤ ፎርማኑም ማምለጫ ሲያጣ ሳቀ። ሁለቱ ተቀያይረው እንዲሠሩ ያን ቀን ተወሰነ። ልጁ ኋላ መጥቶ ጉንጯን ስሟት ሄደ። ሸክም የሚያስቀምጥበትን መንገድ ይቅር ያለችው ያኔ ነው።

የምርመራው ቀን ባሏ የክት ኮቱን ለብሶ ተከተላት። የድርጅቱ ሐኪም በር ላይ ስትደርስ «አትግባ» አለችው። ኮሪደሩ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጠ።

ሐኪሙ ክንዷን አሰረ። መጀመሪያ ሲለካ ከፍ አለ፤ ልቧ ጆሮዋ ውስጥ ነበር የሚመታው። ሐኪሙ ማሰሪያውን ፈታ፣ «ቁጭ በይ፣ አታውሪ» አላትና ወደ መስኮቱ ዞሮ ቆመ። ቆይቶ መልሶ ለካ። አንድ ጊዜ ደገመው። ከሆስፒታል የመጣውን የቀንና ሌሊት ልኬት ከጎኑ አስቀምጦ አየ። መቶ ሠላሳ ስምንት። ከዚያ ያ ለፈገግታ የማይመች ፊት ወደሷ ዞረ።

«ክኒኖችሽን ትውጫለሽ።»

«እውጣለሁ።»

«ውሃሽን ትጠጫለሽ። ሐኪምሽ ጋ በቀጠሮሽ ትሄጃለሽ።»

«እሄዳለሁ።»

ፈረመ። እሷ እጁን ያዘችና ሳመችው፤ እጁን ለመንጠቅ ሲታገል «ተይ እንጂ፣ ተይ» እያለ እንደ ልጅ ተሽኮረመመ። ላይኛዋ ተነሳች። ማልቀስ አልፈለገችም። ፊቷን አጠንክራ፣ ጥርሷን ነክሳ ወጣች።

ባሏ ከወንበሩ ተነሳ። ፊቷን አየ። በዚያ ፊት ላይ ያነበበው ሌላ ነገር ነው።

«ነይ ተቀመጪ» አለ። ክንዷን ይዞ አስቀመጣት፤ ራሱም አጠገቧ ተቀመጠ። «ስሚኝ» አለ፤ «ምንም አይደለም። እኔ አስቤበታለሁ። ማሽኑን ወደ ውስጥ እናስገባና መስኮቱን ሱቅ እናደርገዋለን። አዝራር፣ ክር፣ ዚፕ እንሸጣለን። አንቺ ከሰው ጋር ማውራት ትወጂያለሽ፣ እኔ አልወድም፤ ስለዚህ አንቺ ትሸጫለሽ። መቼም ላይ ሆነሽ ዓለምን ስታይ ኖረሽ አሁን ጫማ እያየሽ መዋል ይከፋሻል። ለሱም አስቤያለሁ። ማታ ማታ ጣሪያ ላይ እንወጣለን። ለቤቱ ባለቤት ነግሬዋለሁ፣ ፈቅዷል። ሁለት ወንበር አዘጋጅቻለሁ። ደግሞ... እኔ ነግሬሽ አላውቅም እንጂ፣ ወደ ገበያ ስሄድ ሁልጊዜ በሳይቱ በኩል ነው የምዞረው። ቀና ብዬ አይሻለሁ። አንቺን እንኳ አይታየኝም፤ ክሬኑ ሲዞር ነው የማየው። ቀስ ብሎ ሲዞር ‹ይቺ እሷ ናት› እላለሁ። ልጁ ሲይዘው እንዲያ አይዞርም። ይሄንን ማንም አይወስድብሽም። የሠራሽው ሁሉ ቆሞ ይታያል። በዚህ ከተማ በየት ብንሄድ የሠራሽው ነገር ቆሞ ይታያል።»

ላይኛዋ ዝም ብላ ሰማችው። ልታቋርጠው ትችል ነበር። «ግን በትዳራችን እንደዚህ ሲያወራ የመጀመሪያው ነው፤ እንዴት ብዬ ላቋርጠው?» አለችኝ። ነርሶች ያልፋሉ፣ በር ይከፈታል ይዘጋል፣ እሱ ኮቱን ይዞ ያወራል። በመጨረሻ ቃል አለቀበት።

«ጨረስክ?» አለችው።

«ጨረስኩ።»

«እንግዲያው ነገ በጊዜ ቀስቅሰኝ። ሥራ እገባለሁ።»

ሰውዬው አያት። አፉ ተከፍቶ ቀረ። ከዚያ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል፣ የክት ኮቱን እንደለበሰ፣ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ፤ ሲስቅም ይሰማ ነበር። እሷ ጀርባውን እየመታች «በቃ አንተ፣ ተመስገን በል፣ ሰው ያየናል» ትለዋለች። አንዲት ነርስ ቆም ብላ በሐዘኔታ «አይዞዎት አባቴ» አለችው።

«ደህና ነኝ» አላት። «አልፋለች፤ ነገ ወደ ላይ ልትወጣ ነው።»

ነርሷ የሰማችውን እንዴት እንደተረዳችው እንጃ፣ ክው ብላ ቀረች። ላይኛዋ ባሏን በክንዱ ጎትታ እየሳቀች ወጣች።